ታዛዡ ሣጥን

አንዲት ሴት በአንድ የዘይት ፋብሪካ ውስጥ ሙቀት ትለካ ነበር።

አንዳች ነገር ከመለወጡ በፊት ሁሉም እንዴት እንደነበረ በመጀመሪያ ልብ በሉ። በፋብሪካው መጋዘን ውስጥ አራት የፋጉሎ ክምሮች አሉ። ፋጉሎ ማለት ኑጉ ተጨምቆ ዘይቱ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው፣ ለከብት ማድለቢያ የሚሸጠው ነው። እያንዳንዱ ክምር የሁለት ሰው ቁመት አለው። ሦስቱ በበሩ በኩል ናቸው፤ አራተኛው ከኋላው ግድግዳ ጋር ተጠግቷል። በየክምሩ መሐል አንድ የብረት ዘንግ ተሰክቷል፤ በዘንጉ ጫፍ ሙቀት የሚለካ ሴንሰር አለ። ከየዘንጉ የሚወጣው ሽቦ ግድግዳ ግድግዳውን ሄዶ ቢሮ ውስጥ ካለ አንድ ግራጫ ሣጥን ይገባል። ሣጥኑ አራት ቁጥር ያሳያል፤ ያሳየውንም ይመዘግባል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ያሳየው ይህን ነው። አንደኛው ክምር ሠላሳ አንድ ዲግሪ። ሁለተኛው ሠላሳ ሁለት። ሦስተኛው ሠላሳ አንድ። አራተኛው አርባ ሦስት።

የከብት መኖ ሙቀቱ ለምን ይለካል ትሉ ይሆናል። ፋጉሎ እሳት ሳይነካው መንደድ ስለሚችል ነው። ርጥበት ካገኘው፣ ወይም ከመጭመቂያው እንደወጣ ሳይበርድ ከተከመረ፣ ከውስጥ መሞቅ ይጀምራል። ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው። ውስጡ ግን ቀስ በቀስ ይግላል፤ ክምሩ ራሱ ሙቀቱን አፍኖ ይይዝለታል። አየር ያገኘ ዕለት ይነዳል። ክብሪት የጫረ የለም። ሲጋራ የጣለ የለም። ይነዳል።

ሴትዮዋ ወለላ ትባላለች። ሰነፍ እንዳትመስላችሁ። ሥራዋን የተማረች፣ ብሎን ካሰረች በኋላ ተመልሳ የምትነካ፣ ጠንቃቃ ሴት ናት። ይህን የምነግራችሁ በኋላ “እኔ እንደሷ አይደለሁም፣ ጠንቃቃ ነኝ” እንዳትሉ ነው።

አሁን ስለ ሽቦው ትንሽ ታገሡኝ። በዘንጉ ጫፍ ያለችው ቀጭን የፕላቲነም ሽቦ ናት። ስትሞቅ ኤሌክትሪክ በእሷ ውስጥ ማለፍ ይከብደዋል። ሣጥኑ ያንን ክብደት ይለካና ወደ ዲግሪ ይለውጠዋል። ችግሩ፣ ከክምሩ እስከ ሣጥኑ የሚሄደው ረጅም ሽቦም የራሱን ክብደት ይጨምራል። የቱ የክምሩ፣ የቱ የመንገዱ እንደሆነ ሣጥኑ በራሱ አያውቅም። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ከሚሄድበትና ከሚመለስበት ሁለት ሽቦ ጋር ሦስተኛ ሽቦ ይታሰራል። የሦስተኛው ሽቦ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ መንገዱ ስንት እንደጨመረ ለሣጥኑ ያስታውቀዋል። ሣጥኑም ያንን ቀንሶ የክምሩን ብቻ ያሳያል።

ወለላ ሦስቱን ክምሮች እንደ ደንቡ በሦስት ሽቦ አሰረች። አራተኛው ላይ ስትደርስ ኬብሉ አለቀባት። ግዢ ክፍል ሄዳ ጠየቀች። “ሲመጣ እንጠራሻለን” አሏት። ዕቃ ቤት ውስጥ ተራ የመብራት ገመድ ነበረ፤ ባለ ሁለት ሽቦ። እሱን አሰረች። በዘንጉ ራስ ላይ ካሉት ሦስት ብሎኖች አንዱ ባዶውን ቀረ።

“ለጊዜው ነው” አለች።

ለጊዜው! ይህችን ቃል ስንቶቻችን ቤት ውስጥ ተቀምጣለች?

አርባ ሦስት የሚለውን ቁጥር ስታይ ታዲያ አልደነገጠችም። “ሽቦው ነው” አለች። ትክክል ናት? በከፊል፣ አዎ። ሽቦው ይጨምራል። ስንት ይጨምራል? ይህን ማወቂያ ቀላል መንገድ አለ። ዘንጉን ከክምሩ ነቅሎ፣ የተፈጨ በረዶ ከውሃ ጋር በሞላበት ባልዲ ውስጥ መክተት ነው። በረዶ ያለበት ውሃ ዜሮ ዲግሪ ነው። ማንንም አይፈራም፣ ለማንም አያደላም፣ ዜሮ ነው። ሣጥኑ ከዜሮ በላይ ያሳየው ሁሉ የሽቦው ነው ማለት ነው።

ግን ክምር ላይ መውጣት አለ። በረዶ መለመን አለ። ጎረቤቶቹ ክምሮች ደግሞ ሠላሳ አንድ ናቸው፤ ይሄም ያው ፋጉሎ፣ ያው መጋዘን፣ ከዚያ የተለየ ምን ሊሆን ይችላል?

ሣጥኑ ላይ አንድ ቦታ አለ። “ትክክለኛው ስንት ነው?” ብሎ ይጠይቃል። ወለላ “31” ብላ ጻፈች። ሣጥኑም ታዘዘ። ስንት እንደቀነሰ አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ወዲያው አራተኛው ክምር ሠላሳ አንድ ሆነ።

ክምሩ ግን ሠላሳ አንድ ሆነ?

ከቀነሰችው አሥራ ሁለት ዲግሪ ውስጥ አምስቱ የሽቦው ነበሩ። ሰባቱስ የማን ነበሩ?

በሚቀጥለው ሰኞ አራተኛው ሠላሳ ዘጠኝ አለ። “ፀሐይዋ ቆርቆሮውን አግላው ሽቦው ሞቆ ነው” አለችና ጎረቤቶቹ ያሉትን ጻፈችለት። በሦስተኛው ሰኞ አርባ አንድ አለ። “ብሎኑ አቧራ ይዞ ይሆናል።” ጻፈችለት። በአራተኛው ሰኞ አርባ ሦስት። አሁን ምክንያትም አልፈለገችም፤ “32” ብላ ጻፈችለት። የሰኞ ጠዋት ልማድ ሆነ፤ ሻይ ከመጠጣት በፊት አራተኛውን ማስተካከል።

የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ጌጡ ሳይቀሩ ይቀልዱባት ነበር። “ወለላ፣ ሰኞ ሰኞ ክምር ታስተካክያለሽ፤ እስቲ የኔንም ወገብ አስተካክይልኝ!”

ሣጥኑ ደግሞ ማንኛውም ክምር አርባ አምስት ዲግሪ ሲደርስ እንዲጮህ ተደርጎ ነበር። አንድም ቀን አልጮኸም። እንዴት ይጩህ? በየሳምንቱ አፉን የምትይዘው እሷው ናት።

ክረምቱ ገባ። በኋላው ግድግዳ በኩል ጣራው ያፈስስ ነበር።

ወለላ ታናሽ እህት አለቻት፣ ጥሩወርቅ የምትባል። በመጋዘኑ ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ፋጉሎ በአካፋ ወደ ጆንያ ትሞላለች፣ የጆንያውንም አፍ ትሰፋለች። ሥራውን የፈለገችላት፣ “እኔ አለሁ፣ እጠብቃታለሁ” ብላ ከእናታቸው ቤት ያመጣቻት ወለላ ናት። አንድ ጠዋት፣ ውጭ ዝናቡ እያካፋ፣ ጥሩወርቅ እየሳቀች በቢሮው በር ብቅ አለች።

“እትዬ፣ ነጠላዬን ንኪው እስቲ። ደረቀ!”

“በዚህ ዝናብ የት አደረቅሽው?”

“አራተኛው ላይ ነዋ! እሱ’ኮ ምድጃ ነው። ጠዋት ጠዋት ቁርሳችንን እዚያ ላይ ቁጭ ብለን ነው የምንበላው። እማማ ደብሪቱማ ቁርጥማታቸው ተሻላቸው። ‘የወለላን ክምር እግዜር ይባርከው’ እያሉ ነው።”

ወለላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “ሌሎቹስ? ሌሎቹ አይሞቁም?”

“ሌሎቹማ ብርድ ናቸው፤ ማን ይቀመጥባቸዋል! የዚህኛው ደግሞ ሽታው! የተቆላ ኑግ ነው የሚሸተው። ትናንት እነ ብርቄ ‘ሳንበላው አንውልም’ ሲሉ በሳቅ ልሞት ነበር። ምነው? ምን ሆንሽ?”

“ዛሬ ከየትኛው ነው የምትጭኑት?”

“ከአራተኛው። መኪኖቹ በር ላይ ቆመው የለ? ልሂድ፣ አቶ ጌጡ ሊጮሁብኝ ነው።”

ሄደች። ወለላ ዞራ ሣጥኑን አየች። ሠላሳ አንድ። ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ አንድ። ሠላሳ ሦስት።

እፎይ አለች። ሠላሳ ሦስት ምን አለው? ደህና ቁጥር ነው። ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። እስክሪብቶዋንም አነሳች።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣባት። ይህን ቁጥር ለሣጥኑ የነገረው ማን ነው?

ሰው እውነቱ ሲገለጥለት መጀመሪያ የሚሰማው ደስታ ይመስላችኋል? አይደለም። መጀመሪያ የሚመጣበት የራሱ ሒሳብ ነው። አራቱ ሰኞዎች በዓይኗ መጡባት። በአንደኛው ሰኞ ስንት ቀነሰች? አሥራ ሁለት። በሁለተኛውስ? በሦስተኛው? ደምራቸው አታውቅም። አንድ ቀን እንኳ ደምራቸው አታውቅም! እህቷ ደግሞ አሁን አካፋ ይዛ እዚያ ላይ እየወጣች ነው። ያ ክምር እስከ ዛሬ አልተቆፈረም ነበር። ዛሬ ተቆፍሮ አየር ሊገባው ነው።

ተነሥታ ወደ ክበቡ ሮጠች። ከፍሪጁ በረዶ ለመነች፣ በመዶሻ ፈጨችው፣ ባልዲ ውስጥ ከውሃ ጋር አደረገችው። የበያጁን የቆዳ ጓንት አጠለቀች። ክምሩ ላይ ስትወጣ ሴቶቹ አዩአት።

“ኧረ ጉድ! ወለላ በረዶ ይዛ መጣች!” አሉ እማማ ደብሪቱ፣ በአካፋቸው ተደግፈው። “ሞቀን ብለን ከሰስን እንዴ? ተይልን፣ ምድጃችንን እንዳታጠፊብን!”

ሳቁ። ወለላ አልሳቀችም። ዘንጉን በሁለት እጇ ይዛ ነቀለችው። ጓንቱ ወፍራም ነው፤ እንዲያም ሆኖ ሙቀቱ መዳፏ ድረስ መጣ። ባልዲው ውስጥ ከተተችው። በረዶው በዘንጉ ዙሪያ ቶሎ ሟሟ፤ እያማሰለች ጨመረችበት። ዘንጉ እስኪበርድ ጠበቀች። ከዚያ ስልኳን አወጣች። አቶ ጌጡ ለሹፌሮቹ የመውጫ ወረቀት ሊፈርሙ ቢሮ ገብተው ነበር።

“አቶ ጌጡ፣ ሣጥኑን ያንብቡልኝ። አራተኛው ስንት ይላል?”

“እየወረደ ነው። ቆይ፤ ምንድን ነው ይሄ? ከዜሮ በታች ገባ።”

“ቁጥሩ ይርጋ። ሲቆም ይንገሩኝ።”

“ቆመ። ከዜሮ በታች ሠላሳ ስድስት። የት ነው የከተትሽው ልጄ፣ ሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ?”

“በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ነው።”

“በረዶ ያለበት ውሃ’ኮ ዜሮ ነው።”

“አዎ” አለች። “ዜሮ ነው።”

ሒሳቡ ገባችሁ? ዜሮ የሆነውን ከዜሮ በታች ሠላሳ ስድስት ያለ ሣጥን፣ ሁሉንም ነገር ሠላሳ ስድስት ዲግሪ ዝቅ አድርጎ ይናገር ነበር ማለት ነው። በዚያ ጠዋት ሠላሳ ሦስት ያለው ክምር ስልሳ ዘጠኝ ነበር። ይህም የዘንጉ ጫፍ በደረሰበት ቦታ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማን ለካው?

ወለላ ዘንጉ ወደ ወጣበት ቀዳዳ ዞረች። ቀጭን ጭስ ከውስጡ ይወጣ ነበር። ቀስ ብሎ፣ የተኛ ሰው እንደሚተነፍሰው።

አቶ ጌጡ ከቢሮ ወጥተው መጡ። ውጭ የሲኖትራክ ሹፌሮች ጥሩምባ ይነፋሉ። “ምንድን ነው ነገሩ? ሰዉ ቆሟል’ኮ!”

አሁን ይህን አስተውሉ። ወለላ የመጀመሪያዋ ቃል ምን ነበር? “ሴንሰሩ ሳይበላሽ አይቀርም፤ ለማንኛውም ይውረዱ።”

ለምን እንዲህ አለች? ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ ነው። እህቷ እየሰማች ነው። ሴንሰር ቢበላሽ ማንም ሰው አይወቀስም። ግማሹን እውነት ተናግራ ሙሉውን ሰው ልታድን ፈለገች።

አቶ ጌጡ ምን መለሱላት? “ከተበላሸማ ምን ታስጨንቂናለሽ? ይጠገናል። ጠዋት ሠላሳ ሦስት ነው ያለው፤ አንቺው ነሽ ደህና ነው ያልሽኝ። በሉ፣ በሉ! ይጫን!”

እንዲህም ሆነ። በዚያች ግማሽ እውነት ምክንያት አካፋዎቹ እንደገና ተነሡ። ብርቄ አንድ ዛቀች። እማማ ደብሪቱ ዛቁ። ጥሩወርቅ መሐል ላይ፣ ከሁሉ በሚሞቀው ቦታ ቆማ፣ ጎንበስ አለች።

“ሴንሰሩ አልተበላሸም!” ብላ ጮኸች ወለላ። ድምፅዋ ለራሷም የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት። “ምንም አልሆነም ሴንሰሩ። እኔ ነኝ! ሰኞ ሰኞ ‘ሠላሳ አንድ በል’ እያልሁ ያዘዝሁት እኔ ነኝ። ክምሩ ከውስጥ እየነደደ ነው። አካፋውን ጣሉ! ውረዱ! በጎን በኩል፣ በጎን!”

አቶ ጌጡ ፊቷን አዩ። ከዚያ እሳቸውም “ውረዱ!” አሉ።

ወረዱ። እየተንሸራተቱ፣ እየተያያዙ፣ ነጠላቸውን እየጣሉ። እማማ ደብሪቱን ሁለት ሴቶች በብብታቸው ይዘው አወረዱ። መጨረሻ የቀረችው መሐል የነበረችው ናት። ጥሩወርቅ አንድ እርምጃ ተራመደች። ሁለተኛው ላይ ክምሩ ከእግሯ በታች ከዳት። ግራ እግሯ እስከ ጉልበቷ ሰመጠ።

ያቺ ጩኸት! ወለላ ያቺን ጩኸት በሕይወቷ ሙሉ ትሰማታለች።

በደረቷ ተኝታ፣ በፋጉሎው ላይ እየተሳበች ደረሰችላት። ብብቷን ይዛ ጎተተቻት። እግሯ ወጣ፤ ኮንጎ ጫማዋ ውስጥ ቀረ። ሁለቱም በጎን ተንከባልለው ሲወርዱ፣ ጫማው በቀረበት ጉድጓድ አየር ገብቶ ነበርና፣ መጀመሪያ ነጭ ጭስ፣ ከዚያ ቢጫ ነበልባል ወጣ።

ውጭ፣ ዝናቡ ውስጥ፣ ሴቶቹ ተቃቅፈው ቆሙ። ጥሩወርቅ እርጥብ ሣር ላይ ተቀምጣ፣ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ የተላጠውን እግሯን እያየች ነበር። ቀና አለች።

“እትዬ፣ ታውቂ ነበር?”

ወለላ ተንበረከከች። “አላውቅም ነበር” አለች። ከዚያ ደግሞ፣ “እንዳላውቅ ግን አድርጌ ነበር” አለች።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ።

እናንተ ሣጥናችሁን ማን ነው የሚያስተካክለው?

በመካከላችሁ አንድ አባወራ አለ። መጀመሪያ ገበታውን በቡጢ የመታ ቀን ልቡ ነግሮት ነበር። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ታይቶት ነበር። ምን አለ? “ድካም ነው። ሥራው ነው። የኑሮ ውድነቱ ነው” አለ። ዋሸ? አልዋሸም። አምስቱ በእውነት የኑሮው ነው። ሰባቱስ? ሰባቱስ የማን ነው? ከዚያ ዞር ብሎ ጎረቤቱን አየ፤ የጎረቤቱንም ጩኸት ሰማ። “እሱ አይብስም?” አለ። የጎረቤቱን ቁጥር በራሱ ልብ ላይ ጻፈ። ልቡም ታዘዘው። በሚቀጥለው ሳምንት ሲጮህ ያን ያህል አልተሰማውም።

ዛሬ ልጆቹ ጸጥ ብለዋል። እንግዳ ሲመጣ “እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች ናቸው!” ይላል። አባትየውም ደስ ይለዋል። ጨዋነት ነው? ወይስ ፍርሃት ነው? ሴቶቹም’ኮ ያን ክምር መርቀውት ነበር። የሚያቃጥል ነገር መጀመሪያ ደስ ይላል፤ ይሞቃል፤ ሽታውም መልካም ነው።

እኅትሽን ከአባታችሁ ቀብር ወዲህ ያላነጋገርሽ አንቺስ? “ይቅር ብያታለሁ፣ ዓይኗን ማየት ብቻ ነው የማልፈልገው” ትያለሽ። ሠላሳ አንድ በል ብለሽ ስትጽፊ ስንተኛ ሰኞሽ ነው? ደምረሽው ታውቂያለሽ?

ክፋቱ ደግሞ የሚነደው ክምር ላይ እኛ ብቻችንን አለመቆማችን ነው። ወለላ ቢሮ ውስጥ ነበረች። ክምሩ ላይ የቆመችው ጥሩወርቅ ናት። እናንተ “ለጊዜው ነው” ባላችሁት ነገር ላይ የምትወዷቸው ሰዎች ቁጭ ብለው ቁርስ እየበሉ ነው። ልጆቻችሁ ነጠላቸውን እያደረቁበት ነው። እናንተን አምነው ነው የተቀመጡት። “እኔ አለሁ፣ እጠብቃታለሁ” አላላችሁም?

እግዚአብሔር ፊት ስትቀርቡስ ምን ትላላችሁ? “ጌታ ሆይ፣ ሁላችን ደካሞች ነን፤ ሰው ነን” ትላላችሁ። መልካም ይመስላል። ግን ይህ “ሴንሰሩ ሳይበላሽ አይቀርም” ማለት ነው። በዚህ ቃል ከክምሩ የወረደ ሰው የለም። አካፋው እንደገና ይነሣል፣ ጭነቱ ይቀጥላል። ሰው የወረደው በሌላ ቃል ነው። “እኔ ነኝ። እንዲህ እንዲል ያዘዝሁት እኔ ነኝ።” ይህችን ቃል ዛሬ ማታ ስሙን ጠርታችሁ ልትነግሩት የሚገባችሁ አንድ ሰው የለም? በዚህ ሰዓት ፊቱ የመጣባችሁ ሰው እሱ ነው። ሌላ አትፈልጉ።

በሕይወታችሁ ውስጥ ያ ሦስተኛው ብሎን ባዶ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው ፈልጉበት። ከራሳችሁ ስንት እንደጨመራችሁ፣ ስንት እንደቀነሳችሁ ፊት ለፊት የሚነግራችሁ ሰው። ፍሩት ግዴለም። እኔም ይህን ስነግራችሁ ሳልፈራ አይደለም። የምፈራው ቁጥሩ ከፍ ማለቱን አይደለም፤ ዝም ማለቱን ነው።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ነበልባሉን አጠፉት። ግን ውጪው ጠፋ ማለት ውስጡ ጠፋ ማለት አይደለምና “ልቡ የት ነው?” ብለው ጠየቁ። ወለላ ከአንደኛው ክምር ባለ ሦስት ሽቦውን ኬብል ፈታች። የአራተኛውን ዘንግ ሦስቱንም ብሎኖች አሰረች። ሣጥኑ ላይ የጻፈችውን ሁሉ ሰረዘች። በረዶ ውሃ ውስጥ ከተተችው፤ ዜሮ አለ። ከዚያ በክምሩ ላይ ጣውላ ተነጠፈላትና ወጥታ፣ የእህቷ ጫማ በቀረበት ቦታ ዘንጉን አንድ ክንድ ያህል ወደ ታች ሰካችው።

ወርዳ ወደ ቢሮ ገባች። ሣጥኑን ምንም አላዘዘችውም። ቆማ ጠበቀች።

ሁለት መቶ አሥራ አራት ዲግሪ።